ባሕር ዳር ስታዲየም

ባሕር ዳር ስታዲየም በአማራ ክልል ርዕሰ ከተማ በባሕር ዳር የሚገኝ የእግር ኳስና የአትሌቲክስ ስታዲየም ነው። ያስገነባው የክልሉ መንግሥት ሲሆን ትልልቅ ጨዋታዎችን ማስተናገድ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። የመያዝ አቅሙ ብዙ ጊዜ 52 ሺህ ተመልካች ተብሎ ይጠቀሳል፤ 60 ሺህ የሚሉ ጽሑፎችም አሉ። የትኛውም ቁጥር ቢወሰድ፣ እስካሁን በኢትዮጵያ ጨዋታ ከተካሄደባቸው ትልልቅ ስታዲየሞች አንዱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግንባታው የተጀመረው አደይ አበባ ብሔራዊ ስታዲየም ለ62 ሺህ ያህል ሰው የታቀደ በመሆኑ ሲጠናቀቅ ይበልጠዋል።

ስታዲየሙ የባሕር ዳር ከተማ እግር ኳስ ክለብ ሜዳ ነው። ደጋፊዎቹ ክለቡን «የጣና ሞገዶቹ» ይሉታል። ብሔራዊ ቡድኑም (ዋልያዎቹ) በቅርብ ዓመታት ካገኛቸው ድሎች ትልልቆቹን ያስመዘገበው እዚሁ ነው። ይሁን እንጂ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙ መመዘኛውን አያሟላም በማለት ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይካሄድበት አገደ። ከዚያ በኋላ ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ በሰው አገር ለመጫወት ተገደዱ። ይህን የሚያህል ስታዲየም ለምን እንደታገደ ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ፣ ይህ ጽሑፍ በዚያ ጉዳይ ላይ ረዘም ይላል።

ከተማውና አየሩ

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ከቆላ አገር የመጣ እንግዳ ቡድን አዲስ አበባ ላይ የሚገጥመው የትንፋሽ ማጠር ባሕር ዳር ላይ ያን ያህል አይሰማውም። በአንጻሩ ፀሐይዋ ጠንካራ ናት። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል፤ ሐምሌና ነሐሴ በጣም ይከብዳሉ። የሳር ሜዳ የሚፈተነውም በእነዚህ ወራት ነው። ውኃው ወደ ታች ካልሰረገ ኳሷ ትቆማለች፤ ሳሩም በጫማ ይነቀላል።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የባሕር ዳር የከተማ ነዋሪ 180,174 ነበር። ስታዲየሙ 52 ሺህ ሰው ይይዛል ማለት በዚያን ጊዜ ከነበረው የከተማው ሕዝብ ከሩብ በላዩን በአንድ ጊዜ ማስቀመጥ ይችላል ማለት ነው። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ በጣም አድጋለች፤ ሆኖም ስታዲየሙ ሲታቀድ ለከተማው ብቻ እንዳልታሰበ ከዚህ ቁጥር መረዳት ይቻላል። በትልቅ ጨዋታ ቀን ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦር፣ ከእንጅባራ፣ ከመራዊና ከቆጋ መስኖ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች ሳይቀር ሰው ይመጣል።

ሜዳው፣ መሙና መቀመጫው

ስታዲየሙ ሞላላ ቅርጽ አለው። መሐሉ የሳር ሜዳ፣ ዙሪያው የመሮጫ መም ሲሆን ከመሙ ውጭ ያለው ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ የሚወጣ የኮንክሪት መቀመጫ ነው። ትልልቆቹ የብሔራዊ ቡድን ጨዋታዎች በተካሄዱባቸው ዓመታት አብዛኛው መቀመጫ ጣሪያ አልነበረውም፤ ተመልካቹም በቀጥታ ሲሚንቶው ላይ ነበር የሚቀመጠው። ስለዚህ «52 ሺህ መቀመጫ» ሲባል 52 ሺህ ወንበር ማለት አይደለም። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሏል።

በመም የተከበበ ስታዲየም ለእግር ኳስ ተመልካች ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ደረጃውን የጠበቀ 400 ሜትር መም ቀጥ ያለው ክፍሉ 84.39 ሜትር፣ የመታጠፊያው ውስጣዊ ሬዲየስ 36.5 ሜትር ነው። ስለዚህ በመሙ ውስጥ ያለው ቦታ በቁመቱ 157.39 ሜትር፣ በወርዱ 73 ሜትር ይሆናል። የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው። በሁለቱም ጫፍ ከግቡ ጀርባ 26 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይቀራል። እያንዳንዳቸው 1.22 ሜትር ስፋት ያላቸው ስምንት መሞች ሲጨመሩ (9.76 ሜትር) ከግቡ ጀርባ ያለው የመጀመሪያው ተመልካች ከግቡ መስመር ቢያንስ 36 ሜትር ይርቃል። በጎን በኩል ግን ርቀቱ 12 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሦስት እጥፍ ይለያያሉ። በመም በተከበበ ስታዲየም ከግብ ጀርባ የሚቀመጥ ሰው በወዲያኛው ጫፍ የገባውን ግብ ከማየቱ በፊት በጩኸት የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጉድለት የባሕር ዳር ብቻ አይደለም። አገራችን በሩጫ ስሟ የተጠራ በመሆኑ ስታዲየም ሲሠራ መሙን መተው ለማንም አይታሰበውም፤ ገንዘቡም ሁለት የተለያዩ ስታዲየሞችን አያሠራም።

ታላላቅ ጨዋታዎች

ስታዲየሙ በብሔራዊ ቡድን ጨዋታ የታወቀው ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። በአሠልጣኝ ዮሐንስ ሣህሌ የሚመሩት ዋልያዎቹ እ.ኤ.አ. ለ2017 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሌሶቶን አስተናግደው 2 ለ 1 አሸነፉ። እስከዚያ ድረስ የዋልያዎቹ ቤት አዲስ አበባ ስታዲየም ነበር ማለት ይቻላል። ኢትዮጵያ ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫዋን ያነሣችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እዚያ ሲሆን፣ ግብፅ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ተብላ ትጠራ ነበር፤ ውጤቱም 4 ለ 2 ነበር። አዲስ አበባ ስታዲየም ግን አርጅቶ ነበር፤ ለሚመጣውም ሕዝብ ጠብቦ ነበር። ትልልቅ ጨዋታ ከመዲናዋ ውጭ መካሄዱ ለክልል ከተሞች ደጋፊዎች አዲስ ነገር ሆነ።

በብዙዎች አእምሮ የቀረው ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ከኮትዲቯር ጋር የተደረገው ጨዋታ ነው። ኮትዲቯር እ.ኤ.አ. በ1992 እና በ2015 ዋንጫውን ያነሣች፣ ተጫዋቾቿም በአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች የሚጫወቱ ነበሩ። ዋልያዎቹ ከሦስት ቀን በፊት በማዳጋስካር 1 ለ 0 ተሸንፈው ነበር የመጡት። በአሠልጣኝ አብርሃም መብራቱ እየተመሩ፣ ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ ባስቆጠሯቸው ግቦች 2 ለ 1 አሸነፉ። (ቀኑ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ኖቬምበር 19 ነበር። ፔሌ ልክ ከ50 ዓመት በፊት በዚያው ቀን በሪዮ ዴ ጄኔሮ ማራካና ስታዲየም 1,000ኛ ግቡን አስቆጥሯል። በእኛ አቆጣጠር ግን ያ ቀን ኅዳር 10 ስለነበር ግጥምጥሞሹ በአንድ ቀን ያመልጠናል።)

የመልሱ ዓመት 2013 ነው። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ የሚመራው ቡድን በዚሁ ሜዳ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረታ፤ አማኑኤል ገብረሚካኤል፣ ጌታነህ ከበደ፣ አቡበከር ናስርና ሽመልስ በቀለ አስቆጠሩ። ከስድስት ቀን በኋላ አቢጃን ላይ በኮትዲቯር 3 ለ 1 እየተመሩ ሳለ ዳኛው ሜዳ ላይ ወድቀው ጨዋታው 80ኛው ደቂቃ አካባቢ ተቋረጠ። በዚያው ቀን ማዳጋስካርና ኒጀር ያለ ግብ ስለተለያዩ ግን ኢትዮጵያ ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ማለፉ የታወጀው አቢጃን ላይ ይሁን እንጂ የምድቡ ነጥብ የተሰበሰበው በአብዛኛው በአገር ውስጥ ነው፤ ከሜዳዋ ውጭ ቡድኗ አልቀናትም ነበር።

ቀጥሎ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ መጣ። ጳጉሜን 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ዚምባብዌ ባሕር ዳር ላይ 1 ለ 0 ተሸነፈች፤ ግቧ የተገኘችው በጭማሪ ሰዓት አቡበከር ናስር በመታት ፍጹም ቅጣት ምት ነው። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ መጥታ 3 ለ 1 አሸነፈች፤ የኢትዮጵያን ግብ ጌታነህ ከበደ አስቆጠረ። በዚያን ቀን ከስታዲየሙ የወጣው ሕዝብ ያዘነው በውጤቱ ነበር። ሌላ የሚያዝንበት ነገር እየመጣ መሆኑን አላወቀም።

እገዳው

ከደቡብ አፍሪካው ጨዋታ በኋላ ካፍ ስታዲየሙን አገደ። ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ጋናን «ያስተናገደችው» ጆሃንስበርግ፣ ሶዌቶ ውስጥ ባለው ኦርላንዶ ስታዲየም ነው፤ ከባሕር ዳር ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ሜዳው ማላዊ ውስጥ የሊሎንግዌው ቢንጉ ስታዲየም ነበር። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያስቆጠሯቸውን ግቦች የባሕር ዳር ሰው አባይ ከጣና በሚወጣበት ከተማ ተቀምጦ በቴሌቪዥን አየ። ኢትዮጵያ ግብፅን ባሸነፈችበት ቀን ባሕር ዳር ስታዲየም ባዶ መሆኑ፣ እገዳው ምን እንደነጠቀ ከማንኛውም ደብዳቤ በተሻለ ያስረዳል።

በሰው አገር መጫወት ጉዳቱ ብዙ ነው። የደጋፊ ድምፅ የለም፤ የትኬት ገቢ የለም፤ በዚያ ላይ የአውሮፕላን፣ የሆቴልና የስታዲየም ኪራይ ወጪ አለ። ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳልነበረም መታወቅ አለበት። በዚያው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቡርኪና ፋሶ አልጄሪያን የገጠመችው ማራካሽ፣ ሞሮኮ ላይ ነው። ካፍ በእነዚያ ዓመታት መመዘኛውን አጥብቆ ስለነበር ብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ ሜዳ አልባ ሆኑ።

«ይህን የሚያህል ስታዲየም እያለን!» የሚለው ቅሬታ በብዛት ይሰማል። ቅሬታው የሚነሣው ስታዲየምን በስፋቱ ከመለካት ነው። የካፍ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ስንት ሰው ይይዛል ብሎ ብቻ አይጠይቅም። ሳሩ ደልዳላ ነው? ውኃ ይመጥጣል? ለሁለቱ ቡድኖች እኩል ደረጃ ያላቸው የመልበሻ ክፍሎች ከነመታጠቢያቸው አሉ? ለዳኞችስ? የሕክምና ክፍልና አበረታች መድኃኒት መመርመሪያ ክፍል የት ነው? ጋዜጠኛው የሚጽፍበት ጠረጴዛና ኢንተርኔት፣ ካሜራው የሚቆምበት ቦታ አለ? ማታ ለመጫወት በቂ የፓውዛ መብራት፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተርስ? ተመልካቹ የሚቀመጥበት ወንበር የራሱ ቁጥር አለው? በሮቹ ስንት ናቸው፣ ወደ የትስ ይከፈታሉ?

የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች የምቾት ጉዳይ ሊመስሉ ይችላሉ፤ የሕይወት ጉዳይ ናቸው። ግንቦት 1 ቀን 1993 ዓ.ም. አክራ፣ ጋና ውስጥ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ሲተኩስ ሕዝቡ ወደ በሮች ሮጦ ተረጋግጦ ከ120 በላይ ሰው ሞተ። ይህ በአፍሪካ የስታዲየም ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች እጅግ የከፋው ነው። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ሌላው ነው። ዋልያዎቹ እ.ኤ.አ. ለ2021 የተዘጋጀውን የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 2014 ዓ.ም. ሲጫወቱ ከኬፕ ቨርዴና ከካሜሩን ጋር የተገናኙት ያውንዴ ውስጥ 60 ሺህ ሰው በሚይዘው አዲሱ ኦሌምቤ ስታዲየም ነበር። ከካሜሩን ጋር ከተጫወቱ ከ11 ቀን በኋላ፣ ጥር 16፣ በዚሁ ስታዲየም አንድ መግቢያ በር ላይ በተፈጠረ መገፋፋት ስምንት ሰው ሞተ። ስታዲየሙ አዲስ፣ ወንበሩም ሙሉ ነበር። የጎደለው የበሩ አሠራር ነው።

ስለ በር ሒሳብ ብንሠራ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በብሪታንያ የስታዲየም ደኅንነት መመሪያ መሠረት ተመልካች በሙሉ ከመቀመጫ ወደ መውጫው በስምንት ደቂቃ ውስጥ መድረስና ማለፍ አለበት፤ በደልዳላ መሬት በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ የሚያልፈው ሰው ደግሞ ቢበዛ 82 ነው። 52 ሺህ ሰው በስምንት ደቂቃ እንዲወጣ ከተፈለገ 52,000 ለ(8 × 82) ሲካፈል 79 ሜትር ያህል የመውጫ ስፋት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ በር 3 ሜትር ቢሆን 27 በሮች ማለት ነው፤ ሁሉም ክፍት ሆነው። ትኬት ለመቆጣጠር ይመቻል ተብሎ ግማሾቹ በሰንሰለት ቢታሰሩ ጊዜው ከ16 ደቂቃ በላይ ይሆናል። በደረጃ ላይ ደግሞ ፍሰቱ ከዚህም ያንሳል። ኮንክሪት ማፍሰስ የሚይዘውን ሰው ይጨምራል፤ በዚያው ልክ በር ካልተጨመረ ግን አደጋውንም አብሮ ይጨምራል።

ከእገዳው በኋላ ስታዲየሙን ወደ መመዘኛው ለማድረስ የእድሳት ሥራ ተጀምሮ በየምዕራፉ ሲካሄድ ቆይቷል። የሜዳው ሳር፣ የመልበሻ ክፍሎች፣ ወንበሮችና ጣሪያ በየጊዜው ከሚጠቀሱት ሥራዎች ዋናዎቹ ናቸው።

ከማራካና ጋር ሲነጻጸር

ሳያልቅ መከፈት የባሕር ዳር ልዩ ታሪክ አይደለም። በዓለም ላይ ምናልባት በጣም የታወቀው ስታዲየም፣ የብራዚሉ ማራካና፣ በተመሳሳይ መንገድ ነው የጀመረው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1948 ተጀምሮ ለ1950 የዓለም ዋንጫ በጥድፊያ ተከፈተ። ዋንጫው የተወሰነበት የብራዚልና የኡራጓይ ጨዋታ ሐምሌ 9 ቀን 1942 ዓ.ም. ሲካሄድ ትኬት የከፈለው ሰው ብቻ 173,850 ነበር። ብራዚል 2 ለ 1 ተሸነፈች። ስታዲየሙ ግን አልተጠናቀቀም ነበር፤ ሥራው ሙሉ በሙሉ አለቀ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። 15 ዓመት ፈጀ።

ያ ሁሉ ሕዝብ የገባው አብዛኛው ቆሞ ወይም ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ስለሚያይ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 1984 ዓ.ም. ፍላሜንጎና ቦታፎጎ ሲጫወቱ የላይኛው ደርብ አጥር ተደርምሶ ሦስት ደጋፊዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ ስታዲየሙ ደረጃ በደረጃ ሁሉም ተመልካች በወንበር ወደሚቀመጥበት ተለወጠ። ዛሬ የሚይዘው 79 ሺህ ያህል ነው፤ ከድሮው ግማሽ በታች። ትልቅነቱን እየቀነሰ ነው ደረጃውን ያሻሻለው። ባሕር ዳር ላይም ለእያንዳንዱ ሰው ባለቁጥር ወንበር ሲገጠም የሚይዘው ሰው ቁጥር ቢቀንስ ሊያስደንቅ አይገባም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አስተያየት ከተጠየቀ፣ ቁጥሩ ቢቀንስም ጨዋታው ወደ አገር ቤት ቢመለስ ይሻላል።

ማራካናን የሚጎበኝ ሰው ጨዋታ በሌለበት ቀን ትኬት ቆርጦ፣ በአስጎብኚ እየተመራ የመልበሻ ክፍሉን ያያል፤ በተጫዋቾች መውጫ በኩል እስከ ሜዳው ዳር ይደርሳል፤ ታላላቅ ተጫዋቾች እግራቸውን ያተሙባቸውን ንጣፎች ይመለከታል። በርካታ ጎብኚ ጨዋታ ሳያይ ይመለሳል፤ ገቢው ግን ለስታዲየሙ ነው። ጣናን፣ ገዳማቱንና የጢስ አባይን ፏፏቴ ሊያይ ለሚመጣ እንግዳ ባሕር ዳር ስታዲየምም አንድ ተጨማሪ መዳረሻ ሊሆን የማይችልበት ምክንያት የለም። ኮትዲቯር የተሸነፈችበትን ሜዳ ማየት የሚፈልግ ልጅ ሞልቷል።

የክለብ ጨዋታዎች

ባሕር ዳር ከተማ ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ያደገው በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን በ2011 የመጀመሪያውን የሊግ ዓመት በዚሁ ሜዳ ተጫወተ። ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በቴሌቪዥን በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምር የአሠራሩ ለውጥ መጣ፤ ክለቦች ሁሉ ለተወሰኑ ሳምንታት በአንድ ከተማ ተሰብስበው መጫወት ጀመሩ። ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ፣ ከድሬዳዋና ከሐዋሳ ጋር ከተመረጡት ከተሞች አንዷ ነበረች። በዚህ አሠራር የከተማው ሰው በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ጨዋታ ያይ ነበር። በሌላ በኩል የራሱን ክለብ ለረጅም ወራት አያየውም፤ «የሜዳችን» የሚለው ቃል በአገር ውስጥም ትርጉሙ ሳሳ።

ክለቡ በ2015 ዓ.ም. ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ በመጨረሱ በካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተሳተፈ። በመጀመሪያው ዙር የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት ሲጥል የሜዳው ጨዋታ የተካሄደው ግን ባሕር ዳር ሳይሆን አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ነው።

ለጎብኚ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከመነሣት በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ መጠየቅ፣ እንዲሁም ጨዋታው በእርግጥ ባሕር ዳር ላይ መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል፤ የሊጉ ፕሮግራም ከተማ ሊቀይር ይችላል። ከተማው ውስጥ ባጃጅ በየመንገዱ አለ። ባሕር ዳር ሜዳማ ስለሆነች ከጥንት ጀምሮ የብስክሌት ከተማ ናት፤ በጨዋታ ቀን መንገዱ በባጃጅ ሲዘጋ በብስክሌት ወይም በእግር የሚሄደው ይቀድማል።

ጨዋታ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ነው። በዚህ ሰዓት ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስለምታዘነብል ፊቱን ወደ ምዕራብ አድርጎ የተቀመጠ ሰው እስከ ረፍት ድረስ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ነው የሚያየው። ፀሐይ ከጀርባ የምትሆንበትን ጎን መምረጥ ይሻላል። አዲስ አበባ ስታዲየም የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል፤ እዚያ «ጥላ ፎቅ»፣ «ካታንጋ»፣ «ሚስማር ተራ» የሚባሉት የመቀመጫ ስሞች ራሳቸው ማን ጥላ እንዳለው፣ ማን ፀሐይ ላይ እንደሚቀመጥ ይናገራሉ። ከላይ በተሠራው ሒሳብ መሠረት ደግሞ ከግብ ጀርባ ከመሆን የጎን መቀመጫ ይመረጣል። ወደ ላይ ጥቂት ደረጃ መውጣትም ጥሩ ነው፤ ታች ያለው ተመልካች በመሙ ላይ የሚመላለሰው ሰው ይጋርደዋል።

ኮፍያ ወይም ጃንጥላ፣ ውኃ፣ ሲሚንቶው ላይ የሚነጠፍ ካርቶን ወይም ጋዜጣ ይዞ መሄድ አይከፋም። ደጅ ላይ ቆሎ፣ ለውዝና ሱፍ የሚሸጡ ልጆች አይጠፉም። በመግቢያው ፍተሻ አለ፤ ጠርሙስና ስለት ያለው ነገር አይገባም። ትኬት ከቀኑ ቀደም ብሎ መግዛት ከተቻለ መልካም ነው፤ ካልሆነም ጨዋታው ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ መድረስ ከበሩ ግፊያ ያድናል። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው የገባበትን በር ማስታወስና ከተጠፋፉ የሚገናኙበትን ቦታ አስቀድሞ መንገር አለበት። ማለቂያው ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ አሥር ደቂቃ ተቀምጦ መጠበቅ ብልህነት ነው።

ከመራዊ፣ ከአዴት ወይም ከሐሙሲት የመጣ ሰው ግን ይህን ምክር ለመስማት አይመቸውም። 10 ሰዓት የጀመረ ጨዋታ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ ከመሸ በኋላ ሚኒባስ ማግኘት ስለሚያስቸግር ብዙዎቹ ዳኛው የጭማሪ ሰዓቱን ሲያሳዩ ወደ በሩ ይንቀሳቀሳሉ። ጳጉሜን 2 ቀን ከዚምባብዌ ጋር በተደረገው ጨዋታ እንዲህ ቀድሞ የወጣ ሰው የአቡበከርን ፍጹም ቅጣት ምት የሰማው ከመንገድ ላይ ነው።